ሩብ ዙር ወደ ኋላ

አንድ ሸማኔ ከዓይነ ስውር እናቱ ጋር ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ሸማኔው ዘርጋው ይባላል፤ እናቱ ደግሞ እማማ የውብዳር። ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ የዚህ ታሪክ መጨረሻ ደስ አይልም። ደስ የሚል ወሬ የፈለገ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም።

የከተማዋ አየር ጥሩ ነው፣ ሰዉም ደግ ነው፤ ውሃዋ ግን ገደሉ ሥር ነበር። ውሃ የፈለገ ያን ቁልቁለት ወርዶ፣ ጄሪካኑን ሞልቶ፣ ያንኑ ዳገት እያለከለከ ይወጣል። እማማ የውብዳር ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እንኳ ይህን መንገድ አልተዉትም። በእግራቸው ጣት ድንጋዩን እየዳበሱ ይወርዳሉ፤ ልጃቸው ሲቆጣም «ዓይኔ ጠፋ እንጂ እግሬ መች ጠፋ!» ብለው ያሾፉበታል። አንድ ቀን ግን ድንጋዩ ከዳቸው። ዘርጋው ሰው ጠርቶት ሲደርስ፣ ልብሳቸው በውሃ ርሶ፣ ጉልበታቸው እየደማ፣ መንገዱ መሃል ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። እናቱ ሲያለቅሱ ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም።

«በጣም አመመሽ እንዴ እማዬ?» አላቸው።

«ሕመሙስ ያልፋል» አሉት። «እኔን ያስለቀሰኝ የሰው እጅ ማየቴ ነው። ከእንግዲህ ለአንድ ጣሳ ውሃ እንኳ ‹አምጡልኝ፣ አቀብሉኝ› እያልኩ ልኖር ነው። ልጄ፣ እኔ ብዙ አልመኝም። ከተኛሁበት እጄን ዘርግቼ ውሃ ብነካ ይበቃኛል።»

ይህቺ ቃል ዘርጋው ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች። ሸማ ሲሠራም፣ ሲበላም፣ ሲተኛም እሷኑ ነው የሚያስብ።

እግዜር ሲል ደግሞ የከተማው ሰው ተሰባሰበና ከላይ ኮረብታው ላይ ያለውን ምንጭ አጎልብቶ ትልቅ ገንዳ አሠራ። የብረት ቧንቧ በጭነት መኪና ተራገፈ። የሚገጥመው ሰው ስለታጣም ጋሽ ቢሻው የሚባሉ ባለሙያ ከሩቅ ተጠርተው መጡ። ጋሽ ቢሻው ያረጁ፣ ወሬያቸው አጭር፣ ቁጣቸው ቅርብ ሰው ናቸው። ከተማዋን ዞረው አዩና ጉልበታቸውን እያሹ «ከገንዳው የሚወርደውን እኔ እዘረጋለሁ። በየቤቱ የሚገባውን ግን አልችለውም፤ አንድ ሰው ስጡኝና ላስተምር» አሉ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ያኔ ዘርጋው ከኋላ ብድግ ብሎ «እኔ እማራለሁ» አለ።

«ሥራህ ምን ነበር?»

«ሸማኔ ነኝ።»

ጋሽ ቢሻው እጁን ያዙና ገልብጠው አዩት። «እጅህ ለስላሳ ነው» አሉ። «ግዴለም፣ ብረቱም ለስላሳ ነው፤ ትግባባላችሁ።»

በማግስቱ ትምህርት ተጀመረ። ጋሽ ቢሻው አንድ ቧንቧ አነሱና በጥፍራቸው ኳ አደረጉት። «ይህ ካርቦን ያነሰበት ብረት ነው። ካርቦን የበዛበት ብረት ግትር ነው፤ ብታስገድደው ይሰበራል እንጂ አይታዘዝም። ይሄኛው ይቆረጣል፣ ይጎብጣል፣ ጥርስ ይወጣለታል። ለስላሳ ነው ብለህ ግን እንዳትንቀው። ያደረግህበትን ሁሉ ይዞ ይቆያል፤ ውሃ ካገኘው ደግሞ ይዝጋል።» ዘርጋው ግማሹ ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ።

መጀመሪያ የቆረጠው ቧንቧ ጫፉ ተንጋደደ። ሁለተኛውም ተንጋደደ። ሴጌቶው፣ ያ የብረት መጋዝ፣ መዳፉን ልጦት፣ ሲበላ ወጡ ቁስሉ ውስጥ እየገባ ያንገበግበው ጀመር። በዚያ ላይ ፀሐይ የሚሞቁት ሥራ ፈቶች አይለቁትም። «ዘርጋው ከብረት ጋቢ ሊሸምን ነው! ለእኔም አንድ ሥራልኝ፣ መቼስ ብርድ አያስገባም!» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ማታ ቤቱ ሲገባ እናቱ እጁን ተቀብለው ዳበሱና ደነገጡ።

«ተው ልጄ፣ ለእኔ ብለህ እጅህን አታጥፋ። ያለ ውሃም ኖሬያለሁ» አሉት።

«አንቺ ዝም ብለሽ ለመዘርጋት ተዘጋጂ» አላቸው። «እጅሽ እንዳይሰንፍ።»

ከዚያ ቧንቧው እንዲገጥም ጫፉን እንደ ብሎን ማበጀት፣ ጥርስ ማውጣት የሚሉት፣ መጣ። ቧንቧው ሞርሳ በሚሉት ብረት መያዣ ላይ ይታሰራል፣ ጥርስ ማውጫው ጫፉ ላይ ይገባል፣ ዘይት ይንጠባጠብበታል፣ ከዚያ ማዞር ነው። ጋሽ ቢሻው አጠገቡ ቆመው «አንድ ዙር ወደ ፊት፣ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ» እያሉ ይጠሩለታል። ወደ ኋላ የሚመለሰው የተላጠው ብረት ተሰብሮ እንዲወድቅ ነው፤ ካልተመለሰ የወጣውን ጥርስ ይበላዋል። ይህቺ ሥራ ዘርጋውን አልከበደችውም። ዕድሜውን ሙሉ መወርወሪያ ሲልክና ሲመልስ የኖረ ሰው ነው፤ መሄድና መመለስ ለእጁ አዲስ አልነበረም። ጥርሱ እያማረ፣ እያማረ መጣ። ጋሽ ቢሻው እንኳ፣ ያ ምስጋና ከአፉ የማይወጣ ሰውዬ፣ አንዱን በጥፍራቸው ፈትሸው «እንግዲህ ይሄ ጥርስ ነው» አሉ። ዘርጋው ያን ቀን ቤቱ እያንጎራጎረ ገባ።

መገጣጠም የጀመሩ ለት ግን ጋሽ ቢሻው ፊታቸውን አኮሳተሩ። «እስካሁን እጅህ የለመደውን ርሳ» አሉ። «ጥርስ ስታወጣ መመለስ ግድ ነው። ስታጠብቅ መመለስ ክልክል ነው።» ቃጫ በቀለም ነክረው ጥርሱ ላይ ጠመጠሙ። ከዚያ ጎሚቶ የሚሉትን፣ መስመሩን ወደ ጎን የሚያጥፈውን ማጠፊያ አስገብተው በመፍቻ እያዞሩ አጠበቁት። «አየህ፣ ቃጫው ተጨምቆ ጥርሱ ውስጥ ገብቷል። ውሃውን የሚይዝልህ እሱ ነው።»

«ጎሚቶው ከምፈልገው ቦታ ቢያልፍብኝስ?» ሲል ጠየቀ ዘርጋው።

«ፈትተህ አውጣው። ቃጫውን ጠርገህ ጣል። አዲስ ጠምጥመህ ከሀ ጀምር።»

«ያለፈው ትንሽ ከሆነስ? ሩብ ዙር ብቻ መለስ ባደርገው?»

ጋሽ ቢሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «ያስተማርኩት ሁሉ እሱን ነው የሚጠይቀኝ። ሩብ ዙር ብትመልሰው ቀጥ ይልልሃል። ያን ለታም አያፈስም፤ እኔ ራሴ ብፈትሸው ላላገኘው እችላለሁ። ቃጫው ግን ከጥርሱ ለቋል። በኋላ ላስተካክለው ብትል ደግሞ አይሆንልህም። በመሃል የሚፈታ ማያያዣ አላመጡልንም፤ የመጀመሪያውን ለመፍታት ከመጨረሻው ቤት ጀምረህ ሁሉንም መፍታት ነው። ስለዚህ ካለፈብህ እዚያው ፍታው።»

«ገባኝ» አለ ዘርጋው። የገባውም መስሎት ነበር።

ለገንዳው የሚቀርበው የእማማ የውብዳር ቤት ስለነበር መስመሩ ከእሳቸው ተጀመረ። ቤቱ የጭቃ ጡብ ነው። ቧንቧው በጓሮ በኩል ግድግዳውን ሰንጥቆ ይገባል፣ እዚያው ግድግዳው ውስጥ በጎሚቶ ይታጠፋል፣ በመደባቸው አናት ላይ ያልፋል፣ ከዚያ በፊት ለፊት ወጥቶ ወደ ታች ሰፈር ይወርዳል። የከተማው ውሃ ሁሉ በዚያች አንዲት ጎሚቶ ነው የሚያልፈው። ቧንቧ መክፈቻዋ ደግሞ ከመደቡ ላይ፣ እጅ ሲዘረጋ የምትደረስበት ቦታ ላይ ትሆናለች። ዘርጋው ልኩን የወሰደው እናቱን አስተኝቶ፣ እጃቸውን አስዘርግቶ ነው። እሳቸው «ምነው ለቀብር የምትለካኝ አስመሰልከው!» ብለው ሲቀልዱ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

የእሳቸው ቤት ሥራ የሚያልቅበት ቀን ሰዉ ደጁ ላይ ግጥም ብሎ ቆሟል። ሴቶቹ ለእልልታ አፋቸውን አሹለዋል። ጋሽ ቢሻው ላይ ገንዳው ዘንድ ናቸው። ዘርጋው ጎሚቶዋን እያጠበቀ ነው፤ አንድ ጊዜ ገፋ፣ ደግሞ ገፋ፣ ደግሞ ትንሽ ገፋ፣ አለፈችበት። ብዙ አይደለም፤ ሩብ ዙር ብትሆን ነው። ነገር ግን ያን ያህል ብታልፍም ቧንቧው በመደቡ ላይ ተንጋዶ ሊሄድ ነው፤ ሸማኔ ደግሞ የተንጋደደ ነገር ዓይኑ አይችልም። ዙሩን ልሙላላት ብሎ ቢገፋ ጎሚቶዋ ጥብቅ ብላለች፤ ብትሰነጠቅስ? ፍታት፣ ጥረግ፣ ጠምጥም የሚለው የጋሽ ቢሻው ቃል ጆሮው ላይ አለ። ቃጫው እጁ ላይ ነው። ቀለሙም አለ። ጥቂት መቆየት ነበር።

«ልጄ፣ ደረሰ?» አሉ እማማ የውብዳር ከመደባቸው።

«ደረሰ እማዬ» አለ፣ መፍቻውንም ወደ ኋላ ሩብ ዙር መለሰው።

እጁ ራሷ የሄደች ነው የመሰለው። ዕድሜ ልኩን ያለፈች ክር ስትኖር መለስ እያደረገ የኖረ እጅ ነው። ቀና ብሎ ግራና ቀኝ አየ፤ ማንም አላየውም። አጠገቡ የነበሩት እናቱ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አያዩም።

ጋሽ ቢሻው መጡ። በእጅ የሚገፋውን ፓምፕ ገጥመው መስመሩን በውሃ ወጠሩት፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ እየነኩ ዞሩ። ጨርቁ እንደደረቀ ነው። ጎሚቶዋ ጋ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። በጣም ቀጥ ብላለች።

«በአንዴ ነው የደረሰችልህ?» አሉት።

ዘርጋውም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እናቱ እየሰሙ፣ «በአንዴ ነው፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ማለ።

ጋሽ ቢሻው መዳፋቸውን ከጎሚቶዋ ሳያነሱ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። በዚያው ቅጽበት እማማ የውብዳር እጃቸውን ዘርግተው መክፈቻዋን አዞሩ። ውሃው ፏ አለ! እጃቸው ላይ፣ ፊታቸው ላይ፣ ነጠላቸው ላይ ወረደ። «እሰይ! እሰይ! እሰይ ልጄ! እጅህ ይባረክ! የነካኸው ሁሉ ይቃናልህ!» እያሉ እያለቀሱ ይስቃሉ፣ እየሳቁ ያለቅሳሉ። ደጁ በእልልታ ተናወጠ። ጋሽ ቢሻውም እጃቸውን አነሱና ቀስ ብለው «በል ሸፍነው» አሉ። ዘርጋው ቶሎ ብሎ ጭቃ መረገበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጥሩ ጊዜ ነበር፤ አልዋሽም። መስመሩ ቤት ከቤት እየገባ እስከ ታችኛው ሰፈር ደረሰ። ጋሽ ቢሻው ወደ ሌላ ከተማ ሥራ ሄዱ። ዘርጋው በመንገድ ሲያልፍ ሽማግሌዎች እንኳ ብድግ ይሉለታል። ያ ራሱን ደፍቶ የሚሄድ ሸማኔ አንገቱን ቀና አደረገ። እማማ የውብዳርም እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ጠምታችኋል?» ይላሉ፤ ተጠማም አልተጠማም እጃቸውን ዘርግተው ውሃ ሲቀዱ ለማሳየት ነው።

አንድ ቀን ዘርጋው ቤት እጁን ሲታጠብ ግድግዳው ላይ መዳፍ የምታህል እርጥበት አየ። ቦታውን ለመለየት መጠየቅ አላስፈለገውም። ጎሚቶዋ ያለችበት ነው።

ሲያስበው ሲያስበው መላ ቅጡ ጠፋበት። ይፍታት ቢል ከታችኛው ሰፈር ጀምሮ እያንዳንዱን ቤት ውሃ እያሳጣ፣ እየፈታ ሊወጣ ነው። ሰዉ «ምን ሆነ?» ይለዋል። ምን ሊል ነው? የማለው መሐላስ? ስለዚህ ጭድ ያለው ጭቃ አቡክቶ ለጠፈበት፣ ኖራም ቀባው። ሲደርቅ አማረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እርጥበቱ ሰፍቶ ተመለሰ። እንደገና ለጠፈው።

«ልጄ፣ ይህ ግድግዳ ምነው ቀዘቀዘኝ?» አሉት እናቱ።

«ክረምቱ ነው እማዬ።»

ክረምቱ ወጣ። ፀሐይ አገሩን አነደደችው። እማማ የውብዳር ጀርባቸውን ከግድግዳው አራቅ አድርገው «አሁንም ክረምት ነው እንዴ ልጄ?» አሉት።

አይ ሰው! እዚህ ላይ እንኳ መናገር ይችል ነበር። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሌላ ነገር ወጣው፤ «አንቺ እኮ ነሽ፣ ውሃ ስትከፍቺ እየረጨሽበት!»

እማማ የውብዳር እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ «እውነትህን ነው፤ እጄ አያርፍም» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺን መክፈቻ እንደ ልባቸው አዙረዋት አያውቁም። ጎረቤት ሲመጣ «እስቲ አንድ ጣሳ ቅጂልኝ፣ እኔ እረጭበታለሁ» ማለት ጀመሩ። እጃቸውን ዘርግተው ውሃ እንዲነኩ ብሎ ያን ሁሉ ብረት የተማረ ልጅ፣ እጃቸውን መልሶ አሳጠፋቸው። ይህን እያየም እውነቱን አልተናገረም።

ቆየት ብሎ አንድ ማታ ከሥራ ሲገባ ግድግዳው ላይ ሰሌን ተሰቅሏል።

«ይሄ ምንድን ነው እማዬ?»

«ብርድ ይከላከልልኛል ብዬ ነው» አሉት ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው።

ዘርጋው ሰሌኑን አየው። እርጥበቱን ብቻ ነው የሸፈነ፤ አላለፈም፣ አላነሰም። ዓይን የሌላቸው ሴት ዳር ዳሩን በመዳፋቸው ለክተው ነው ያሰቀሉት። ታዲያ ለማያይ ሰው ግድግዳ ቢሸፈን ምን ይረባዋል? የተሸፈነው ከሌላው ሰው ዓይን ነው። እናቱ ያውቃሉ። ማወቃቸውን ደግሞ እሱ አወቀ። እግራቸው ላይ ወድቆ ሊናገር ምንም አልቀረውም ነበር። ነገር ግን የጎረቤት ሠርግ ደርሷል፤ በሠርግ መሃል ሰዉን ውሃ ላሳጣ እንዴ አለ። ሠርጉ አለፈ። ፋሲካ ይለፍ አለ። ፋሲካም አለፈ። ሰሌኑ ከተሰቀለ ወዲህ ግድግዳውን ማየት ስለቀረ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ቀለል ብሎትም ነበር። ከሰሌኑ ኋላ ጡቡ ወደ ውስጥ እያበጠ መምጣቱን ማንም አላየም።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከትልቅ ዝናብ በኋላ፣ ዘርጋው ታች ሰፈር ለአዲስ ቤት ጥርስ እያወጣ ሳለ ከላይ እንደ ነጎድጓድ ያለ ነገር ተሰማ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሰዎች ሲሮጡ አየ። እሱም ሮጠ፤ ወዴት እንደሚሮጡ ሳይነግሩት አውቆታል።

ግድግዳው መደቡ ላይ ወድቋል፤ ቆርቆሮው ደግሞ በላዩ ላይ ተጋድሟል። በእጁ ቆፈረ፣ በጥፍሩ ቆፈረ። «እማዬ! እማዬ! እኔ ነኝ!» እያለ ይጮሃል። መጀመሪያ ያገኘው ሰሌኑን ነው። እናቱ ከሥሩ ነበሩ። ፊታቸው አልተጎዳም፤ ትንፋሻቸው ግን የለም። ከራሳቸው በላይ ቧንቧው ግድግዳ ሳይኖረው አየር ላይ ተንጠልጥሏል። አሁንም ቀጥ እንዳለ ነው። ከጎሚቶዋ ሥር ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ከቀብር በኋላ ጎረቤታቸው እቴ አልጋነሽ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። ሰሌኑን የሰቀለችው እሷ ነች። «ይንገሩት ብያቸው ነበር» አለችው እያለቀሰች። «‹ዘርጋው አንገቱን ቀና አድርጎ መሄድ የጀመረው አሁን ነው። እኔ እናቱ ላስደፋው? ይቅር፣ ሆድ ይፍጀው› አሉኝ። አደራ ስላሉኝ እኔም ዝም አልኩ። ምነው ምላሴ በተቆረጠ!»

ጋሽ ቢሻው ወሬው ደርሷቸው ለቅሶ ሊደርሱ ከሄዱበት መጡ። እንባቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ዘርጋው ቀና ብሎ አያቸው።

«ጋሽ ቢሻው፣ ያን ለታ በአንዴ ነው ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ያውቁ ነበር እንዴ?»

ሽማግሌው «ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ምነው አላስፈቱኝም?»

«እናትህ እየመረቁህ ነበር። ሰዉ እልል ይላል። ያን ደስታ መስበር ከበደኝ። ሌላ ቀን እነግረዋለሁ አልኩ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።» ያቺን ጎሚቶ የነካ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ። «አንተ ሩብ ዙር ተመለስክ፤ እኔም ሩብ ዙር ተመለስኩ። አንተስ ተማሪ ነበርክ።»

በነጋታው ዘርጋው መፍቻውን ይዞ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደና ከመጨረሻው ቤት መፍታት ጀመረ። በየደጁ ሰው እየወጣ «ምነው ውሃችንን?» ይለዋል። እሱም «ጥፋት አለብኝ፤ ጥፋቴን ላስተካክል ነው» ይላል። ማንም አልተቆጣውም። እንዲያውም ቧንቧውን ተሸክመው አገዙት። ያን ጊዜ ሁሉ የፈራው ቁጣ የትም አልነበረም። ይህ ከሁሉ የባሰ አቃጠለው።

እየፈታ፣ እየፈታ ፍርስራሹ ጋ ደረሰና ጎሚቶዋን አወጣት። ጥርሱ፣ ያ ጋሽ ቢሻው ያመሰገኑት ጥርስ፣ ዝጎ ተበልቷል። ጫፉን ቆረጠ፣ አንድ ዙር ወደ ፊት ግማሽ ዙር ወደ ኋላ እያለ አዲስ ጥርስ አወጣ፣ ቃጫ ጠመጠመ፣ አጠበቀ። አለፈችበት። ፈታት፣ ጠረገ፣ እንደገና ጠመጠመ። ፀሐይዋ እምብዛም ሳትገፋ ሥራው አለቀ። እናቱን የበላው ሥራ ይኸው ነው፤ ለምሳ እንኳ አያስረፍድም ነበር።

ቤቱ ተመልሶ አልተሠራም። መክፈቻዋ ዛሬም በዚያ ባዶ ቦታ ላይ፣ ከተኛ ሰው እጅ ከፍታ ላይ ቆማ አለች። መንገደኛ ጎንበስ ብሎ ይጠጣባታል፣ ልጆች ይጫወቱባታል። ጠብ የምትል ነገር የላትም። ዘርጋው መፍቻውን ለሌላ ሰው አስረክቦ ወደ ሸማው ተመለሰ። በዚያ ሲያልፍ ፀሐዩ አናት ቢበሳ እንኳ ከእሷ ውሃ ጠጥቶ አያውቅም።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ምክር ይህ ነው። ሰው ሲማር ይመለሳል፣ ያበላሻል፣ ደግሞ ይሞክራል፤ ማንም አይፈርድበትም። ሌላው ሰው አምኖ ጀርባውን ያስደገፈበትን ነገር ግን በሩብ ዙር አናቃናውም። ካለፈብን ፈትተን ከሀ መጀመር አለብን፤ ያውም ሳይውል ሳያድር፣ መስመሩ ሳይረዝም። ከዘገየን ጥፋታችንን ብቻችንን አንሸከመውም። የሚወዱን ይሸከሙልናል። አንገታችንን እንዳንደፋ ብለው ሰሌን ይሰቅሉበታል፣ ‹ሆድ ይፍጀው› ብለው ይችሉታል፤ ግድግዳው የሚወድቀውም በእነሱ ላይ ነው።

እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ግድግዳችሁን በመዳፋችሁ ዳብሱት። የሚቀዘቅዝ ቦታ የለም? ሰሌኑንስ የሰቀለላችሁ ማን ነው?